ደምና ወዝ፦ ስለ ሥራ አስኪያጅና ስለ ወታደር ደመወዝ

«ደመወዝ» የምንለውን ቃል ሕዝባችን ሲፈታው «ደምና ወዝ» ይለዋል። የቋንቋ ሊቃውንት ምንም ይበሉ ምን፣ በዚህ አፈታት ውስጥ አንድ የፍርድ ሐሳብ ተቀምጧል። ሰው የሚከፈለው ከገላው ለወጣው ነገር ነው የሚል። ወዙ የሠራተኛው ነው፤ ማሳ ላይም ሆነ ፋብሪካ ውስጥ ግንባሩ ላይ ችፍ የሚለው። ደሙስ የማን ነው? በዚህ ፍርድ ብንሄድ ደሙን በውል አስይዞ የሚያድረው ወታደር ከባለደሞዝ ሁሉ በላይ ሊከፈለው በተገባ ነበር። እንዲህ ያለ አገር ግን በታሪክም አላገኘን፣ ዛሬም አላየን። ከሁሉ በላይ የሚከፈለው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚወስነው ሰው ነው።

ይህ ለምን ሆነ? መሆኑስ ትክክል ነው ወይ? በዚህች ጽሑፍ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄውን «የጠገበና የተራበ» ብሎ በአንድ መፈክር መዝጋት ይቻላል። መፈክር ግን ለሰልፍ እንጂ ለማሰብ አይበቃም። ስለዚህ የሥራ አስኪያጁንም ክርክር እንደ ጠበቃው ሆነን እስከ መጨረሻው ልንሰማለት አስበናል።

ጥያቄው ከኛ ከተማሪዎች የራቀ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በለገጣፎ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሰንዳፋ ይደርሳል። የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚያ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ የሚሠለጥነው ወጣት የኛው እኩያ ነው፤ ከአንዳንዶቻችን ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ ሊሆን ይችላል። ፖሊስና ወታደር አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ ለያዝነው ጥያቄ ግን ሁለቱም «ካስፈለገ እሞታለሁ» ብለው የፈረሙ ናቸው። በዚያው መንገድ ተመልሶ ከተማ የገባ ሰው ደግሞ ሠንጋ ተራ ላይ የባንኮችን ፎቅ አንጋጦ ያያል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከመካከላችን የብዙዎቻችን ዓይን ያለው ወደዚያ ፎቅ ነው። ነገ አንዱ ከላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ከበር ይቆማል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ፍትሕ ይሁን ወይስ ዕጣ፣ ሳንለያይ አሁኑኑ ብንነጋገርበት ይሻላል።

እስቲ ከታሪክ እንጀምር። በኛ አገር ወታደር ሁልጊዜ በብር አልተከፈለም። በቀድሞው ሥርዓት ደመወዙ መሬትና ገባር ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በደቡብ የሰፈረው ወታደር እንደ ማዕረጉ ገባር ይቆጠርለት ነበር፤ ለተራው ጥቂት፣ ለአለቃው ብዙ፣ ለሹሙ እጅግ ብዙ። የወታደሩ ደም በገበሬው ወዝ ተከፈለ ማለት ነው። ይህን ማስታወስ የሚጠቅመን ስለ ወታደር ስናወራ ልባችን ብቻውን እንዳይፈርድ ነው። «ለአገሩ ለሚሞት ሰው ምንም ቢሰጠው አይበዛበትም» የሚለው አነጋገር ሲሰሙት ያምራል፤ ዞሮ ዞሮ ግን ሂሳቡን የሚከፍል ሌላ ድሃ ይፈልጋል።

በኋላ ዘመናዊው ጦር ሲቋቋም ወርሃዊ ደሞዝ መጣ። ከደሞዙም ጋር አዲስ ነገር መጣ፤ ማወዳደር። የአንዱ ገባር ካንዱ፣ የአንዱ መሬት ካንዱ ጋር በቀላሉ አይመዘንም። ብር ግን ከብር ጋር ይመዘናል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር፣ በራዲዮ በተሰማው የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን መግለጫ ውስጥ አልጋ ወራሹ እንደ ሌላው ኢትዮጵያዊ በተወሰነ ደመወዝ እንደሚያገለግሉ የሚገልጽ ሐሳብ ነበረበት። ተገደው አነበቡት ወይስ ወደው የሚለውን ለታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን እንተውላቸው። እኛን የሚገርመን ሐሳቡ ነው። ንጉሥ ባለደሞዝ ከሆነ ከዘበኛው ጋር በአንድ መዝገብ ሰፈረ ማለት ነው፤ በአንድ መዝገብ የሰፈረ ደግሞ «ላንተ ይህን ያህል፣ ለኔ ይህን ያህል፣ ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። ሙከራው ከሸፈ። ያከሸፈው ጦር ግን በዚያው ዓመት ለራሱ የደሞዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ አገኘም። የመምህሩና የገበሬው አቤቱታ ዓመታት ሲጠብቅ፣ የባለጠመንጃው አቤቱታ በሳምንታት እንደሚሰማ ያን ጊዜ ታየ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብን ግን የ1966ቱ የነገሌ ቦረና ታሪክ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው ጦር አመፀ። ብዙ ሰው «የደሞዝ አመፅ» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ የተነሳው ግን ከምግብና ከውሃ ነው። የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው። ወታደሮቹ ከዚያ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ አለቆቻቸውን አሰሩ። ነገሩን አጣርተው እንዲያበርዱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራልም ይዘው ከነሱ ምግብ እንዲበሉ፣ ከነሱ ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚያ ወታደሮች ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የመኮንኑ ደሞዝ ከነሱ እንደሚበልጥ ያውቁ ነበር። መብለጡ አላሳመፃቸውም። ማዕረግ ማለት ይህ ነው ብለው ተቀብለውት ኖረዋል። ያላስቻላቸው ውሃ ሲጠማቸው የተዘጋባቸው ጉድጓድ ነው። ጄኔራሉንም «ደሞዝዎን አምጡ» አላሏቸውም። «የምንጠጣውን ይጠጡ» ነው ያሏቸው። የወታደሮቹ አድራጎት ሥርዓት ነበረው የሚል የለም። ነገር ግን በዚያ በረሃ ውስጥ የትኛውም የፍልስፍና መጽሐፍ ካስተማረን የተሻለ የፍትሕ መለኪያ ተቀምጧል ብለን እናምናለን። ከዚያ በኋላ የደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ የካቲት 18 ደግሞ የአስመራው ክፍለ ጦር ተከተሉ፤ መምህራንና ባለታክሲዎች የካቲት 11 አድማ መትተው ነበር፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ራሱ ወደቀ። አንድ ጉድጓድ መንግሥት ገለበጠ አንልም፤ ረሃቡና የነዳጅ ዋጋው፣ የመሬት ጥያቄውም ነበር። የመጀመሪያውን ስንጥቅ ያሳየው ግን ያ ጉድጓድ ነው።

ወደ ዛሬ እንምጣ። መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ያወጣው ደረጃ በአደባባይ ይታወቃል። እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ 1,100 ብር፣ ከፍተኛው 20,468 ብር ነበር። የላይኛው የታችኛውን 18 ጊዜ ከግማሽ ያህል ይበልጠው ነበር ማለት ነው። በ2017 የታችኛው ወደ 4,760፣ የላይኛው ወደ 21,492 ሲደርስ ርቀቱ ወደ አራት ተኩል እጥፍ ወረደ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ የታችኛው 6,000፣ የላይኛው 39,000 ሆነ፤ ስድስት ተኩል እጥፍ። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ለሚቀጠር፣ ማለትም ለኛ፣ መነሻው 11,500 ብር ነው። እነዚህ ቁጥሮች ጥሩ ናቸው መጥፎ ለማለት አይደለም ያነሳናቸው። በአንድ ነገር ግን ያኮራሉ። በአደባባይ ያሉ ናቸው፤ ማንም ቆጥሮ ሊከራከርባቸው ይችላል።

ባንኮችና ትልልቆቹ የልማት ድርጅቶች ከዚህ ሠንጠረዥ ውጭ ናቸው። የላይኛው ክፍያ የሚወሰነው በቦርድ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ አገሪቱ ዓለም አቀፉን የሂሳብ አያያዝ ደረጃ እንድትከተል ስላዘዘ፣ ለቁልፍ ኃላፊዎች የተከፈለው በዓመታዊ ሪፖርት ይገለጻል፤ ነገር ግን ተደምሮ ነው የሚገለጸው። ሰው በሰው አይታወቅም። የታችኛውስ ወለል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ ዓመታት አልፈው ወለሉ ሳይነጠፍ ቆይቷል። ጣሪያው በመጋረጃ የተሸፈነ፣ ወለሉ ያልተነጠፈ ቤት እንበለው።

በሌላው ዓለምም ቁጥሩ ብዙ ያስተምራል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ባለ አራት ኮከብ ጄኔራል የሚያገኘው መነሻ ደመወዝ ትናንት ከተቀጠረው ተራ ወታደር ከ10 እጥፍ አይበልጥም። በዚያው አገር የታላላቅ ኩባንያዎች ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች ከተራው ሠራተኛ ከ200 እጥፍ በላይ ያገኛሉ። ሁለቱም ብዙ ሺህ ሰው ያዛሉ፤ ሁለቱም ከባድ ውሳኔ ይወስናሉ። እንዲያውም ጄኔራሉ ሲሳሳት የሚጠፋው ትርፍ ሳይሆን ሰው ነው። ታዲያ ከባድ ኃላፊነት በ10 እጥፍ የሚሸከመው ሰው ካገኘ፣ ያኛው ለምን 200 ያስፈልገዋል?

የሥራ አስኪያጁ ጠበቃ እዚህ ላይ ይነሳል። አራት ነገር ይለናል።

አንደኛ፣ «ገበያው ነው» ይላል። ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ጥቂት ነው፤ ብዙ ድርጅት ይሻማበታል፤ ዋጋው ይወጣል። እሺ። ጄኔራሉስ ለምን አይወጣም? ገዢው አንድ ስለሆነ ነው። ኮሎኔሉ ጎረቤት አገር ሄዶ «ማን ይበልጥ ይከፍለኛል» ቢል ከሃዲ ይባላል፤ ሥራ አስኪያጁ ጎረቤት ባንክ ሄዶ ያንኑ ቢል ብልህ ይባላል። ስለዚህ ገበያው የነገረን የሰዎቹን ዋጋ ሳይሆን የበሮቹን ብዛት ነው። የኛ አገር ደግሞ ሌላ ጉድ አለበት። የባንክ ሥራ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ሲከፈት ለውጭ ባንኮች ግን ለሠላሳ ዓመት ተዘግቶ ኖረ፤ የሚከፍተው አዋጅ የጸደቀው ገና በ2017 ነው። አጥር ታጥሮ የተገኘ ትርፍ የአጥሩን ድርሻ ቀንሶ ነው መቆጠር ያለበት። አጥሩን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ደግሞ አንባቢ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ «ያመጣው ውጤት ነው» ይላል። የሱ አንድ ውሳኔ ሚሊዮኖች አትርፏል፤ ከሚሊዮኑ ቢካፈል ምን አለበት? ክርክሩ ጉልበት አለው። ነገር ግን ውጤት የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በነበረው ጦርነት በትግራይ ባንኮች ተዘግተው ሰው የራሱን ቁጠባ ማውጣት እስኪያቅተው ደርሶ ነበር። ሰላም የሌለበት ቦታ ላይ የትኛውም የሥራ አስኪያጅ ችሎታ አንዲት ሳንቲም አያተርፍም። የመንገዱ፣ የመብራቱ፣ የሰላሙ ድርሻ በትርፍና ኪሳራ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ስላልተጻፈ ግን የለም ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ «ኃላፊነት ነው» ይላል። ለዚህ ከላይ በጄኔራሉ መልሰናል። እንጨምርበት ካስፈለገ፣ ድርጅት ሲከስር ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ያጣል፤ ወታደሩ ሲሸነፍ እግሩን ያጣል። ሁለቱም «አደጋ» ይባላሉ፤ አንዱ ግን በሌላ ደብዳቤ ይተካል።

አራተኛ፣ «የሰው ገንዘብ ምን አገባችሁ» ይላል። ባለአክሲዮኖች ከኪሳቸው ይከፍሉታል፤ ወታደሩን ግን ግብር ከፋዩ ነው የሚከፍለው፤ ሁለቱ አይነጻጸሩም። ከአራቱ ጠንካራው ይህ ነው። አንድ ሰው ሱቁ ውስጥ ለቀጠረው ልጅ የፈለገውን ቢከፍል ማን ይጠይቀዋል? ነገር ግን ባንክ ሱቅ አይደለም። የሚሠራበት ገንዘብ በአብዛኛው የባለአክሲዮኑ ሳይሆን የአስቀማጩ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት ነው። ብሔራዊ ባንክ ራሱ የቦርድ አባላትን ክፍያ በመመሪያ የወሰነበት ጊዜ መኖሩ፣ ነገሩ የግል ጓዳ እንዳልሆነ ያሳያል።

እንግዲህ ጠበቃው ተረታ ብለን ወታደሩን ከፍ እናድርገው? ቆይ። እዚህም ጉድጓድ አለ። ደም ውድ ነውና በውድ ይገዛ ካልን፣ ደም ገበያ ወጣ ማለት ነው። ገበያ በወጣ ጊዜ ሻጩ ማን ይሆናል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት እኩዮቻችን የት ሄዱ? አንዳንዱ ወደ ሳዑዲ፣ አንዳንዱ ወደ ቀን ሥራ፣ አንዳንዱ ወደ ካምፕ። የባለጸጋ ልጅ ለደሞዝ ብሎ አይዘምትም። ስለዚህ «ለወታደር ብዙ እንክፈል» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም «ለመሞት ድሃ እንቅጠር» ወደሚለው ይንሸራተታል። ወታደርን ከቅጥረኛ የሚለየው ለብር ብቻ ብሎ አለመቆሙ ነው፤ ያንን የሚያከብር ክፍያ ያስፈልገዋል እንጂ ያንን የሚተካ ክፍያ አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ «ክብር ይበቃዋል» የሚሉም አሉ። እነዚህ ደሞዝ የማይዘገይባቸው ሰዎች ናቸው። ክብር ገበያ ላይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት አይገዛም። በግንቦት 1983 የደርግ ጦር ሲፈርስ ከ400,000 በላይ እንደሚሆን የሚገመት ሠራዊት ሜዳ ላይ ተበተነ። ትናንት «ጀግናው» ይባል የነበረው ወታደር ከነመለዮው መንገድ ዳር ቆሞ ሲለምን ያዩ ወላጆቻችን ዛሬም ይናገሩታል። አሸናፊዎቹም ዘንድ ቢሆን ነገሩ ቀላል አልሆነም። የኤርትራ ታጋዮች በረሃ ሳሉ ደሞዝ አያውቁም ነበር፤ አለቃውም ተዋጊውም እኩል። ነፃነት በሚታወጅበት ሳምንት፣ ግንቦት 12 ቀን 1985፣ ለተጨማሪ ዓመታት ያለ ደሞዝ ታገለግላላችሁ ሲባሉ ግን አስመራ ውስጥ በመሣሪያ ጭምር ተቃወሙ። በረሃ ውስጥ ሁሉም እኩል ስለነበር የተቻለ ነገር፣ ከተማ ሲገባና ልጅ ሲወለድ አልተቻለም። እኩል ማጣት ብቻውን ፍትሕ አይደለም።

ሁለቱ መሰላሎች፣ የወታደሩና የሥራ አስኪያጁ፣ የተገናኙበት አንድ የኛ አገር ምሳሌ አለ። እሱን ሳናነሳ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ሜቴክ፣ ሲቋቋም በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ነበር። ይመሩት የነበሩት ጄኔራሎችና መኮንኖች ናቸው። ሕዳሴ ግድቡን ጨምሮ ትልልቅ ሥራዎች ተሰጡት። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ብዙ ኃላፊዎቹ ሲታሰሩ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ተናገረ። የእያንዳንዱን ሰው ጥፋተኝነት መፍረድ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። እኛ ከነገሩ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ። የመኮንን ደሞዝ ሠንጠረዥ ላይ ትንሽ ነው። የሚያዘው ገንዘብ ግን ቢሊዮን ነው። ሂሳቡ ደግሞ «የመከላከያ ጉዳይ» ተብሎ ከዓይን ሲርቅ፣ በወረቀት ላይ ያለው ትንሽ ቁጥር ምንም አይነግረንም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው ደመወዝ በማነሱ ሳይሆን ሹመት በር የሌለው ጎተራ ስለነበረ ነው።

ይህ የእኩልነት ወዳጆችንም ያስጠነቅቃል። ፕላቶን «ሕግጋት» በተባለው ድርሰቱ የሀብታሙ ሀብት ከድሃው ድርሻ አራት እጥፍ እንዳያልፍ ደንግጓል። በ1871 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ኮሙን የባለሥልጣን ደመወዝ በዓመት ከ6,000 ፍራንክ እንዳይበልጥ ወሰነ። ስዊዞች በኅዳር 2006 ዓ.ም. «የላይኛው ከታችኛው 12 እጥፍ አይለፍ» በሚል ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጥተው 65 ከመቶ ያህሉ አንቀበልም አሉ። በሶቪየት ኅብረት ደግሞ ደሞዙ ሲታይ ተቀራራቢ ነበር፤ ሹማምንቱ የሚገበዩበት ሱቅ ግን ለሌላው ዝግ ነበር። ይኸው ጉድጓዱ ተመልሶ መጣ! ቁጥሩን ማቀራረብ ይቻላል፤ ጉድጓዱን ለይቶ ማስቀመጥም አብሮ ይቻላል።

ስለዚህ እኛ «ይህን ያህል እጥፍ» ብለን ቁጥር አንቆርጥም። ሦስት ጥያቄ ግን እናቀርባለን፤ ለጄኔራሉም ለሥራ አስኪያጁም እኩል የሚሆኑ።

የመጀመሪያው፦ የምታገኘውን ሁሉ፣ ደሞዙን ብቻ ሳይሆን ቤቱን፣ መኪናውን፣ ነዳጁን፣ አበሉን ጨምረህ፣ በበርህ ላይ ለሚቆመው ጥበቃ ጮክ ብለህ ልትነግረው ትችላለህ? በብዙ ድርጅት ጥበቃውና ጽዳት ሠራተኛዋ በኤጀንሲ በኩል ስለሚቀጠሩ ከድርጅቱ የደሞዝ መዝገብ ላይ የሉም። ርቀቱን ማሳነስ ሲያቅት ሩቁን ሰው ከመዝገብ ማውጣት ተገኘ። ያ ጥበቃ ደግሞ ስንት ጊዜ ነው የቀድሞ ወታደር ሆኖ የምናገኘው! የኛ ጥያቄ ሁለት ሰዎች በአንድ በር ላይ በየጧቱ ሰላም ይባባላሉ።

ሁለተኛው፦ ችግር ሲመጣ ከአንድ ጉድጓድ ትጠጣላችሁ ወይ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ደሞዙን በብር ብቻ የሚቀበል ሰው በዚያን ጊዜ ደሞዙ ተቀነሰበት፤ ማንም ደብዳቤ ሳይጽፍለት። ነዳጁንና መኪናውን በዓይነት የሚያገኘው ኃላፊ ግን የዋጋው ጎርፍ ከእግሩ በታች አለፈ። ለወታደሩም ቀለቡ በዓይነት ነው ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ቀለቡ ግን ሰፈር ያሉትን እናቱንና ልጁን አያበላም።

ሦስተኛው፦ ኪሳራ ሲመጣ ማን ይቀድማል? ትርፍ ሲከፋፈል ከላይ የሚጀመረው መቁነን፣ ቅነሳ ሲሆን ከታች የሚጀመር ከሆነ፣ ያ ደመወዝ የኃላፊነት ዋጋ ነው ሊባል አይችልም። ኃላፊነት ማለት መጀመሪያ መመታት ነውና። በጦር ሜዳ እንኳ ጥሩ አለቃ የሚባለው ወታደሩ ከበላ በኋላ የሚበላው ነው።

አንድ የቀረ ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉ የሚያስጨንቀን እሱ ነው። «ጣሪያውን ብታወርዱት አዋቂው አገር ጥሎ ይሄዳል» ይሉናል። ይህ ሐሜት አይደለም፤ በየቤታችን ያለ ነው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደሞዝ ምክንያት ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል፤ በየዓመቱም ስንቱ ሐኪም ይሄዳል። እንግዲህ ጣሪያውን መሬት ማድረስ መልስ አይሆንም። የኛ ሐሳብ ሌላ ነው። ላይኛው ይውጣ፤ ነገር ግን ታችኛውን በገመድ አስሮ፣ አስከትሎ ይውጣ። ቦርዱ ለዋናው ሥራ አስፈጻሚ ሲጨምር ለጥበቃው ስንት እንደጨመረ በዚያው ቃለ ጉባኤ ይጻፍ። መንግሥት ለጄኔራሉ ሲጨምር ለተራው ወታደርና ለቆሰለው ጡረተኛ ስንት እንደጨመረ በዚያው ቀን ይናገር። ገመዱ ስንት ክንድ ይሁን የሚለው የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው፤ ገመድ ይኑር የሚለው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ እኛም የምንሟገተው ለዚህኛው ነው።

ከሰንዳፋ አጠገብ የለገዳዲ ግድብ አለ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ከሱ ሲጠጣ ኖሯል፤ ፎቅ ላይ ያለውም፣ በር ላይ ያለውም። ቧንቧው ሲደርቅ ግን ፎቅ ላይ ያለው ታንከር አለው፤ በር ላይ ያለው ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ውሃው አንድ ሆኖ ጉድጓዱ ሁለት የሚሆነው እንዲህ ነው። ይህንን የምንለው ለሩቅ ሰው አይደለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዲግሪያችንን ይዘን ስንወጣ፣ 6,000 ብር ከሚያገኘው ሰው አጠገብ በ11,500 የምንቀመጠው እኛው ነን፤ ከዚያም ዕድል የቀናው ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ «ይገባኛል» የምትለዋን ቃል ከመናገራችን በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ለራሳችን እንመልስ። በሰንዳፋ የሚሠለጥነው እኩያችንም ነገ መቶ አለቃ ሲሆን የራሱ ጉድጓድ ይኖረዋል፤ ለሱም ያንኑ እንጠይቀዋለን።

ሐሳባችን ይህ ነው። ገመድ አያስፈልግም የሚል፣ ወይም አጠረ፣ ረዘመ የሚል ጓደኛ ካለ፣ የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነውና ብዕሩን ያንሳ።